አስራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ተምሬ፣ አሜሪካ ኮሌጅ ከክፍልፋይ ጀመርኩ

አገር ቤት በተፈጥሮ ሳይንስ አስራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል ተምሯል። እኔም ተምሬአለሁ። ሜሪላንድ መጥቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ ግን የመደቡኝ ክፍልፋይ መደመርና ኔጌቲቭ ቁጥር ማባዛት የሚጀመርበት ክፍል ነው። ከዚያ ተነስቼ ካልኩለስ አንድን በኤ ጨርሻለሁ፣ ኮርቼበታለሁም። በመሀል የባከነው ጊዜ ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። አዲስ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ማመልከቻው በኦንላይን ያልቃል። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞላሁ፣ የነዋሪነት ማስረጃ አስገባሁ። እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ነገሩ የተበላሸው ፕሌስመንት ቴስቱ፣ ማለትም የመመደቢያ ፈተናው ላይ ነው። አድቫይዘሯ፣ የኮሌጁ የተማሪ አማካሪ፣ «ይሄ ፈተና አይደለም፣ ደረጃህን ለማወቅ ብቻ ነው፤ ማለፍና መውደቅ የለውም፤ መዘጋጀትም አያስፈልግህም» አለችኝ። የመፈተኛው ክፍል ባዶ ስለሆነ ዛሬውኑ ተፈተንና ጨርስ አለችኝ። ከማታ ሥራ ወጥቼ እንደመጣሁ እያወቀች።

ማለፍና መውደቅ የለውም የሚለው በወረቀት ደረጃ እውነት ነው። ግን የስንት ሴሚስተር ገንዘብ እንደምትከፍል የሚወስነው ያ ውጤት ነው። እኔ የተፈተንኩት አኩፕሌሰር የሚባለውን፣ ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀውን ነው። ነጥቡ ከ200 እስከ 300 ነው። እያንዳንዱ የሂሳብ ክፍል 20 ጥያቄ አለው። ሰዓት አይያዝም፤ ስለዚህ ማንም ቢያጣድፋችሁ አትቸኩሉ። የራስን ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይቻልም፤ ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ኮምፒውተሩ መልሳችሁን እያየ ነው ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው። ያለፋችሁትን ተመልሳችሁ ማረም አይቻልም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከመፈተኛው ክፍል በር ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ነገር ነበር።

ዓመታት ሂሳብ ያልነካ ሰው ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ ያስታውሳል። የተለያየ አካፋይ ያላቸውን ክፍልፋዮች በእጅ ለመቀነስ ግን እጁ ይታሰራል። ፈተናው የሚያየው እጅን ነው። ውጤቱ ሲወጣ ከታች ተመደብኩ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴን ይዤ ወደ ሬጅስትራሩ፣ ወደ ተማሪዎች መዝገብ ቢሮ ሄድኩ። የውጭ ትራንስክሪፕት በግምገማ ድርጅት ካልተረጋገጠ አንቀበልም አሉ። ከፍዬ አስገመገምኩ። ስመለስ ሌላ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ «የሃይስኩል ኮርስ ምደባ አይቀይርም» አለኝ። ታዲያ መጀመሪያ ለምን አስከፈላችሁኝ? መልስ የለም። እንደገና ልፈተን ስል ደግሞ ለመጀመሪያው ኮርስ ስለተመዘገብክ አይቻልም ተባልኩ። የተመዘገብኩት እኮ ያቺው አድቫይዘር ቦታ እንዳያልቅብህ ብላኝ ነው። የድጋሚ ፈተናው ሕግ ድረ ገጻቸው ላይ ነበር፤ አንድም ሰው አፉን ሞልቶ አልነገረኝም።

በመጨረሻ የረዳኝ ከመስኮቱ ጀርባ ያለ ሰው ሳይሆን የሂሳብ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነው። በኢሜይል ጻፍኩለት፣ ቢሮው አስጠራኝ፣ ወረቀት ላይ ጥቂት ጥያቄ አሠራኝና አንድ ኮርስ አዘለለኝ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ምደባችሁ ካልተዋጠላችሁ ሬጅስትራርና አድቫይዘር ጋር አትመላለሱ። በቀጥታ ዲፓርትመንቱን አናግሩ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት። «አትዘጋጅ» የሚላችሁንም አትስሙ። ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ በነፃ አለ፤ ከኦፕንስታክስ ድረ ገጽ ደግሞ ከፕሪአልጀብራ እስከ ካልኩለስ ያለውን መጽሐፍ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ፋክተሪንግ በደንብ አፍታቱና ከዚያ ግቡ።

ይህን ያህል የምወተውተው ስለ ገንዘቡ ነው። ከኮሌጅ ደረጃ በታች ያሉት የሂሳብ ኮርሶች ይከፈልባቸዋል፣ ለዲግሪ ግን አይቆጠሩም። የፌዴራል እርዳታ የሚሸፍናቸው እስከ 30 ክሬዲት ብቻ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚሰጠው 12 ሙሉ ሴሚስተር ነው። ክፍልፋይ ላይ የበላችሁት ሴሚስተር ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ኮርሶቹ ራሳቸው ብዙ ወሬ የላቸውም። ፕሪአልጀብራ ትዕግሥት ነው። አልጀብራ ላይ ሂሳቡ ሳይሆን ታሪኩ ነው የሚያስቸግረው። መጽሐፎቻቸው ኒክል፣ ዳይምና ኳርተር የሚባሉትን ሳንቲሞች ቆጥሮ ማስላት ይወዳሉ። ዳይም 10 ሳንቲም ነው፤ ከባለ 5ቱ ኒክል ግን በመጠን ያንሳል፤ ላዩ ላይም «አንድ ዳይም» እንጂ 10 የሚል ቁጥር የለበትም። አዲስ የመጣ ሰው በምን ያውቃል? ኢንች፣ ፊትና ያርድም እንዲሁ። ፕሮባቢሊቲ ላይ ስትደርሱ 52ቱን የመጫወቻ ካርታዎች እንደምታውቁ ነው የሚታሰበው። እነዚህን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ አጥኑ። ግራፊንግ ካልኩሌተር (ግራፍ የሚስል) ግዙ ሲባል ደግሞ አትሩጡ፤ ዴስሞስ የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ይሠራል። መጀመሪያ መምህሩ ፈተና ላይ ምን እንደሚፈቅድ ጠይቁ።

ፕሪካልኩለስ ላይ ትሪጎኖሜትሪውን አትዝለሉ። ካልኩለስ ላይ ሰው የሚወድቀው በሊሚት ሳይሆን በክፍልፋይ ይመስለኛል። አንድ ሲካፈል ለኤክስ የሚለውን ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ ከትርጉሙ ተነስታችሁ ሥሩ፤ ሥራው በሙሉ ሁለት ክፍልፋይ አቀናንሶ ማቃለል ነው። አጠገቤ የነበሩ ጎበዝ ልጆች እዚያ ሲደናቀፉ አይቻለሁ።

አድቫይዘሮች ሂሳብ ከከበደህ አንድ ሴሚስተር አርፈህ ተመለስ ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሂሳብ እረፍት አይወድም፤ ሌላውን ኮርስ ቀንሱና ሂሳቡን ሳታቋርጡ ውሰዱ። በክረምት ተጨምቆ የሚሰጥ ካልኩለስ ግን ሥራ ላለው ሰው አልመክርም። ሞጁሉን ኮምፒውተር ላይ ብቻህን ጨርስ የሚሉት ክፍልም ይቅርባችሁ፤ አክሰስ ኮድ (ፕሮግራሙን የሚከፍት ቁጥር) ትገዛላችሁ፣ ስትሳሳቱ የሚያሳያችሁ ሰው የለም። ነርሲንግ የምትገቡ ደግሞ እስከ ካልኩለስ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ስታቲስቲክስ ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙን ዝርዝር አንብቡ።

አሁን ከታች ተመድባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ክሌፕ የሚባለውን ፈተና እዩ። የኮሌጅ ቦርድ ነው፤ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ፕሪካልኩለስና ካልኩለስ አለው። ከ20 እስከ 80 ባለው ነጥብ 50 ካመጣችሁ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጣሉ። ሞደርን ስቴትስ የሚባለው ድርጅት ነፃ የኦንላይን ትምህርቱን ለጨረሰ ሰው የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ከመፈተናችሁ በፊት ኮሌጃችሁ በስንት ነጥብ የትኛውን ኮርስ እንደሚያስዘልል በጽሑፍ አስመልሱ፣ ኢሜይሉንም አታጥፉት።