የባዶ ማዳበሪያ ክብደት

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ የቡና መግዣ ቤት ውስጥ፣ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. የቡና ወቅቶች መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ስለነበር ሥራውን ያገኘሁት በዘመድ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ የሞላበትን ማዳበሪያ ባስኩላው ላይ ያወጣል፤ ሰብሳቢው የሚዛኑን ፍሬ ወዲያና ወዲህ አንሸራቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ከተጠራው ላይ አንድ ኪሎ ቀንሼ ደብተሩ ላይ አሰፍራለሁ። 48 ከተጠራ 47 ይጻፋል። የምትቀነሰው ኪሎ “የማዳበሪያው” ትባል ነበር። ማንም ደብቆ አላደረገውም፤ ገበሬውም ያውቀዋል፣ ጎረቤት ያሉት ሰብሳቢዎችም እንደዚያው ያደርጋሉ፣ እኔም ቢሆን የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እጄ ለአፍታ እንኳን ሳይዘገይ ስቀንስ ከረምኩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ገበያተኛውን በተነውና መግዣው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጥግ ላይ ባዶ ማዳበሪያዎች ተከምረው ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ ስላልነበረኝ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ አንዱን አንስቼ ባስኩላው ላይ ጣልኩት። ዘንጉ ከተኛበት አልተነሳም። ሁለተኛ ጨመርኩ፣ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ ያው ነው። እየቆጠርኩ መጨመሬን ቀጠልኩ፤ አሥረኛውን ስጥልበት ዘንጉ ቀስ ብሎ ተነሳና አንድ ኪሎው ላይ ተስተካክሎ ቆመ። አሥር ማዳበሪያ አንድ ኪሎ ነው። እኛ ግን አንዱን ኪሎ የምንቀንሰው ለእያንዳንዱ ነበር። በድሮው የቃጫ ጆንያ ቢሆን ኖሮ አንድ ኪሎ ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይሆንም ነበር፤ ልማዱም የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ጆንያው በፕላስቲክ ሲተካ ቅነሳው ባለበት ቀረ፤ መለወጡ የሚጎዳው የሚመዝነውን ስለሆነ የሚመዝነው አላስታወሰም።

በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። በገበያ ቀን 60 ማዳበሪያ ቢገባ 60 ኪሎ ይቀነሳል፤ ከዚህ ውስጥ እውነተኛው የማዳበሪያ ክብደት 6 ኪሎ ብቻ ነው፤ 54ቱ ኪሎ ያልተከፈለበት ቡና ነው። በወቅቱ እንዲህ ያለ ቀን 40 ጊዜ ቢኖር 21 ኩንታል ከ60 ኪሎ ይሆናል። ቁጥሩን አይቼ ገጹን ቀደድኩት። ለምን እንደቀደድኩት እስካሁን ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ሰብሳቢው እንዳያየው ብዬ ነው ለማለት እወዳለሁ፣ ነገር ግን እኔው ራሴ ደግሜ እንዳላየው ሳይሆን አይቀርም።

ከቀናት በኋላ ለሰብሳቢው ነገርኩት። ጋሼ ነበር የምለው፤ ጸሎት የማያስታጉል፣ የሠፈሩን ለቅሶ የማይቀር፣ ለእኔም ክፉ ያልነበረ ሰው ነው። አልተቆጣም። “አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ባልቀንስ ከተማ ላይ እኔን ይቀንሱኛል፤ ሁሉም እንዲህ ነው” አለኝ። ውሸቱን አልነበረም። ቡናውን የሚረከበው አቅራቢ በበኩሉ ለእርጥበቱ፣ ለባዕድ ነገሩ፣ ለተሰባበረው እያለ ይቀንስበት ነበር፤ በየደረጃው ያለው ሁሉ ከላዩ የተወሰደበትን ከታቹ ካለው ላይ ይሞላል፤ ከገበሬው በታች ግን ማንም አልነበረም። ጋሼ ሚዛን ማጉደል ኃጢአት መሆኑን የማያምን ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩን በቀላሉ በተረዳሁት ነበር። ሚዛን የሚያጓድልን ሰው መጽሐፍ ቅዱስ አጥብቆ ያወግዘዋል፤ የቁርኣን 83ኛ ምዕራፍም ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ሚዛን አጉዳዮች ነው፤ ጅማ ውስጥ ይህንን ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። ጋሼም የሌላ ሰው ሚዛን አጉድሎ ቢያገኘው ሌባ ይለው ነበር። የእኛዋ ኪሎ ግን ስም ነበራት፣ “የማዳበሪያው” ትባላለች፤ ስም የወጣለትን ነገር ደግሞ ስርቆት ብሎ መጥራት እንዴት እንደሚከብድ ከዚያ መግዣ ቤት የበለጠ ያስተማረኝ ቦታ የለም።

ሥራዬን አልለቀቅሁም። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ደመወዙ ለማታ ትምህርት መመዝገቢያ ያስፈልገኝ ነበር። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጋሼን ለምኜ ቅነሳው ወደ ግማሽ ኪሎ እንዲወርድ ማድረግ ነው፤ እሱም ከብዙ ማንገራገር በኋላ “ለሙከራ” ብሎ ፈቀደልኝ። ግማሽ ኪሎ ማለት አሁንም የማዳበሪያውን ክብደት አምስት እጥፍ ማለት ነው፤ እኔ ግን ያን ሰሞን እንደ ጻድቅ ነበር የምራመደው። ምስጋና እጠብቅ ነበር። የመጣው ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ ጠና ያለ ገበሬ የተጻፈለትን ቁጥር አይቶ ዝም አለ፤ ባስኩላውን ዞሮ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን መሬት ሳይቀር አየ፣ “ዛሬ ምን አድርጋችሁት ነው?” ብሎ ጠየቀን፤ መልሳችን ስላላጠገበው ማዳበሪያዎቹን አህያው ላይ መልሶ ጭኖ አንድ ኪሎ ወደሚቀንሰው ጎረቤታችን ሄደ። ጋሼ እየሳቀ አየኝ። ሙከራውም በዚያው አበቃ።

ያንን ሰውዬ ለብዙ ዓመታት እንደ ሞኝ እቆጥረው ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ከሚያውቀው በደል ይልቅ የማያውቀው ደግነት ቢያስፈራው የኖረበትን ገበያ ስለሚያውቀው ነው፤ አንድ ሰው ሳይጠየቅ ግማሽ ኪሎ የሚመልስልህ በሌላ በኩል ሁለት ሊወስድ ሲያስብ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር።

“ሁሉም እንዲህ ነው” የሚለው መልስ በጅማ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ የምሠራበት ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ታላቅ ገበያ ነበር፤ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ማሩና የዝባዱ ቅባት በሚሸጥበት በዚያ ዘመን ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማን የሚጎበኝ እንግዳ ጅሬን ወጥቶ ቤተ መንግሥቱን ያደንቃል፣ ማድነቁም ተገቢ ነው፤ ስለ ሰዎቹ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ገበያ ተቀምጦ ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከጋሼ መልስ የሚለይ አይመስለኝም። አንድ ኪሎ ቡና ከአንድ ሰው ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ የማወዳድረው በደሉን ሳይሆን መልሱን ነው።

የራሴን ትንሽ ሱቅ የከፈትኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የተፈጨ በርበሬ፣ የተለቀመ ቡና እሸጣለሁ። ሚዛኔ ዲጂታል ነው፤ ባዶውን ፌስታል መጀመሪያ አስቀምጬ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምጨምረው። ፌስታሉ ሁለት ሦስት ግራም ቢሆን ነው፤ ደንበኛ አያስተውለውም፣ የሚያስተውለውም ጊዜዬን የማባክን ይመስለዋል። በዚህ መሀል በአንድ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ላይ የሥነ ምግባር መምህራችን ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ያነሳውን የባለሱቅ ምሳሌ ነገረን። ባለሱቁ ዋጋ የማያውቀውን ደንበኛ አያታልልም፤ ሕፃን ልጅ እንኳን ቢመጣ እንደ ማንኛውም ሰው በትክክለኛው ዋጋ ይሸጥለታል። ነገር ግን ይህንን የሚያደርገው ገበያው እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ፣ ይላል ካንት፣ ሥራው ከግዴታው ጋር ቢስማማም ከግዴታው የመነጨ አይደለም፤ ስለዚህም የሞራል ዋጋ የለውም።

ይህ ነገር ለሳምንታት እንቅልፍ ነሣኝ። ሱቄ ፊት ለፊት ትምህርት ቤት አለ፤ እናቶቻቸው የሚልኳቸው ልጆች ብሩን በላብ አርሰው ጨብጠው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱን ልጅ በመዘንኩ ቁጥር አሁን ይህንን የማደርገው ለምንድን ነው እያልኩ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ስለ ስሜ ነው? እናቱ ቤት ውስጥ ደግማ ትመዝነው ይሆናል ብዬ ነው? ወይስ ያቺ የቀደድኳት ገጽ ነች? ለካንት ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ሱቅ ከፍቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በቀን መቶ ጊዜ የሚመዝን ሰው መቶ ጊዜ ልቡን መርምሮ አይዘልቀውም። የሚይዘው እጁን ነው። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ካንትን የቀደመው የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራን እየደጋገመ በመሥራት ነው ያለው ለእኔ የሚቀርበኝ ለዚህ ነው፤ እጄ መግዣ ቤቱ ውስጥ ሳያስብ መቀነስን እንደለመደ ሁሉ አሁን ደግሞ ሳያስብ ዜሮ ማድረግን ለምዷል፤ ሁለቱም ልማዶች የተሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ካንት በአንድ ነገር ግን ይረታኛል፦ ልማዱን መጀመሪያ የመረጥኩበት ቀን ነበር፣ በዚያ ቀን ምንም የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለለቅሶ ወደዚያው መንገድ ወጥቼ ስመለስ መግዣ ቤቱ የነበረበትን ቦታ አየሁት፤ ፈርሶ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ጋሼም ከሞተ ቆይቷል። ከፍ ብሎ ባለው መታጠፊያ ጀንፈሉን በር ላይ ዘርግቶ የሚያሰጣ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ እኔ አላወቅኳቸውም፣ እሳቸው ግን “ጸሐፊዋ” ብለው አወቁኝ። በኦሮምኛ ስንጨዋወት ከቆየን በኋላ የአሥሩን ማዳበሪያ ነገር አወጣሁላቸው፤ ለአሥራ ምናምን ዓመት የተሸከምኩትን ኑዛዜ አውርጄ የምቀል መስሎኝ ነበር።

አባባ እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። “ልጄ፣ ይህንን አናውቅም ነበር ብለሽ ነው?” አሉኝ። አንድ ኪሎ እንደሚቀነስባቸው ስለሚያውቁ ቡናውን ሳይደርቅ ነበር የሚያመጡት። በደንብ የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ነው፤ 20 በመቶ ላይ እያለ ቢሸጥ ከ100 ኪሎው 9 ኪሎ ገደማ የሚሆነው ትርፍ ውኃ ነው። በአንድ ማዳበሪያ ስናሰላው ከእኔ ኪሎ አራት እጥፍ ይበልጣል። ከተማ ያለው አቅራቢም ለእርጥበቱ የሚቀንሰው ለዚህ ነበር። ስለዚህ በዳይና ተበዳይ እንዳልነበረ፣ ሁሉም ተራ በተራ ሲሸራረፍ ውሎ በመጨረሻው ሒሳቡ እንደሚቻቻል በደስታ አስረዱኝ። ለአፍታ እኔም ቀለለኝ።

ከዚያ ግን አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ፤ ዘወትር ብቻቸውን፣ በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ አሮጊት ነበሩ። ቡናቸው በጥርስ ሲነከስ የሚሰበር፣ ድንጋይና ቅጠል የሌለበት ነበር፤ ጋሼ እፍኝ አንስቶ እያንኳኳ “እንደ እሳቸው ብታደርቁ” እያለ ለሌሎቹ ያሳይ ነበር። በእሳቸውም ላይ አንድ ኪሎ እቀንስ ነበር። ለአባባ ስማቸውን ባልጠራም ማን እንደሆኑ ገባቸው። ሳቃቸው ቀረ። “እሷማ...” አሉና በእጃቸው የያዙትን ማገላበጫ ቡናው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉት፤ ቀጥለው ያሉት ነገር ስለ ዘንድሮው ዝናብ ነው።

ከመነሳቴ በፊት ለቤት የሚሆን አምስት ኪሎ ገዛሁ። አባባ የእጅ ሚዛናቸውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ባዶውን ፌስታል መጀመሪያ ይሰቅሉት እንደሆነ ጠብቄ ነበር። አልሰቀሉትም። እኔም ምንም አላልኩም፤ ከተሰፈረልኝ ላይ አንዷን ፍሬ አንስቼ በጥርሴ ነከስኳት፣ አልተሰበረችም።