በሰዓት 18 ማይል

መኪናችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው የፍጥነት ወሰን ምልክቱ ነው። 18 ይላል። 15 አይደለም፣ 20ም አይደለም። በእኛ ሲመነዘር በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

«ይሄን የጻፈውን ሰው ምን ነካው?» አልኩት የሚነዳውን የክፍል ጓደኛዬን።

ሳቀ። «የአርቺ ማኒንግ የማሊያ ቁጥር ነው» አለኝ።

ያለነው ኦክስፎርድ ነው። የእንግሊዙ ሳይሆን የሚሲሲፒው። እኔ ከምኖርበት ከሜምፊስ በሀይዌይ 55 ቁልቁል ወደ ደቡብ ይኬድና ቤትስቪል ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። መንገዱ ላይ ብዙ የሚታይ የለም። ኩድዙ የሚሉት ሐረግ ብቻ ዛፉንም የመብራት እንጨቱንም አልብሶት፣ አረንጓዴ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ዳር ዳር የቆሙ ይመስላል።

የሄድኩት ጓደኛዬ ስለጎተጎተኝ ነው። «የኮሌጅ ፉትቦል ቅዳሜን እዚያ ሳታይ አሜሪካ ኖርኩ እንዳትል» አለኝ። በዚያ ላይ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪያችን ስምንት ገጽ አዛናለች። ርዕሱ በልብ ወለድ ውስጥ ያለ የወንድምና የእህት ጸጸት ነው። በወንድሙ ወይም በእህቱ ላይ ባደረገው፣ ወይም ሳያደርግ በቀረው ነገር የሚብሰለሰል ገጸ ባሕርይ ፈልጉ አለችን። እኔ የኖቤል ተሸላሚውን ዊልያም ፎክነርን መረጥኩ። ፎክነር የኦክስፎርድ ሰው ነው። መቃብሩም ቤቱም እዚያው ነው።

የማኒንግን ነገር ጓደኛዬ ያን ማታ እስኪደክመው አወራኝ። አርቺ በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) እዚህ 18 ቁጥር ለብሶ የተጫወተ ኳርተርባክ ነው። ኳርተርባክ ማለት በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ልጅ ነው። አርቺ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ሁለቱን፣ ፔይተንንና ኢላይን፣ ኳስ የማያይ አሜሪካዊ ሳይቀር ያውቃቸዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሱፐር ቦውል (የፕሮፌሽናሉን ዋንጫ) በልተዋል። የበኩሩ ግን ኩፐር ነው። ኩፐርም ጎበዝ ነበር። ሊጫወት ወደዚሁ ወደ አባቱ ግቢ መጣ። በ1992 ሐኪሞች የአከርካሪህ ቦይ ጠባብ ነው፣ መጋጨት ለአንተ አደገኛ ነው አሉት። በ18 ዓመቱ ኳስ አበቃ። ታናሹ ፔይተን ያኔ ገና ሃይስኩል ነው። ኩፐር ደብዳቤ ጻፈለት። እኔ ያለምኩትን በአንተ በኩል እጫወተዋለሁ የሚል ነገር። ፔይተን በኋላ በፕሮፌሽናል ዘመኑ ሁሉ የለበሰው 18 ቁጥር የአባቱ ብቻ ሳይሆን የኩፐርም ቁጥር ነው።

«ፔይተን ምን ተሰምቶት ይሆን?» አልኩት።

«ምን ይሰማዋል? ኮራ እንጂ!»

ዝም አልኩ። ጓደኛዬ እህት እንጂ ወንድም የለውም።

ቅዳሜ ጧት እሱ ተኝቶ እያለ ሴንት ፒተርስ መካነ መቃብር በእግሬ ሄድኩ። የፎክነርን መቃብር ማግኘት አይከብድም። አድናቂዎቹ ውስኪ ይዘው እየመጡ ጠጥተው ጠርሙሱን እዚያው ይተዉለታል። እኔም የደረቀ ግማሽ ጠርሙስ አየሁ። እኔ የመጣሁት ግን ለእሱ አልነበረም። ቀደም ባለው የቤተሰቡ ስፍራ የተቀበረውን ታናሽ ወንድሙን ፍለጋ ነው፣ ዲንን።

ዲን በአሥር ዓመት ያንሰዋል። የቤተሰቡ ስም ዱሮ ያለ «ዩ» ፊደል ነበር የሚጻፈው። ዊልያም «ዩ» ጨመረበት። ዲንም ተከትሎት ጨመረ። እንዲህ ያለ ታናሽ ነው። ዊልያም አውሮፕላን ሲወድ እሱም ወደደ። መብረር ሲማር የከፈለለት ዊልያም ነው። ያበራት የነበረችውም አውሮፕላን ቀድሞ የዊልያም ነበረች። ኅዳር 10 ቀን 1935 (አሁንም በፈረንጆቹ) ዲን ፖንቶቶክ የምትባል ጎረቤት ከተማ አጠገብ ሦስት መንገደኞች ጭኖ ሲበር ወደቀ። አንዳቸውም አልተረፉም። ዲን 28 ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈችው አንዲት መስመር ናት። ከዘጸአት ምዕራፍ 19 የተወሰደች፣ ወደ አንድ ሰው የዞረች። በንስር ክንፍ ተሸከምሁት፣ ወደ እኔም አመጣሁት።

ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም ይህቺን መስመር አውቃታለሁ። «ሳርቶሪስ» የሚለው የፎክነር ልብ ወለድ ውስጥ አለች። መጽሐፉ የወጣው በ1929 ነው፣ ዲን ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት። ባያርድና ጆን የሚባሉ መንትዮች አሉ፤ ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ናቸው። ጆን ባያርድ እያየው አየር ላይ ይሞታል። ባያርድ አገሩ ይመለሳል፣ ግን መመለስ አይሆንለትም። አትውጣ ብዬው ነበር፣ ላስቆመው ሞክሬ ነበር እያለ ይለፈልፋል። መኪና ገዝቶ እንደ እብድ ይነዳል። በመጨረሻ ማንም ሊያበራው ያልፈለገውን አውሮፕላን አስነስቶ ይሞታል። የጆን የመቃብር ድንጋይ ላይ ያቺው የንስር ክንፍ ተጽፋለች።

ሰውየው የፈጠረው ጸጸት ስድስት ዓመት ጠብቆ ቤቱ መጣ። እሱም ከራሱ መጽሐፍ ቃሉን አውጥቶ በእውነተኛ ወንድሙ ድንጋይ ላይ አስቀረጸው።

ስለ ዲን ሚስት የሚነገር አንድ ነገር አለ። ከአደጋው በኋላ አንድ ጧት ቁርስ ላይ፣ መብላት አልቻልኩም፣ ሌሊት አደጋውን በሕልሜ አየሁት ትላለች። ፎክነር ይመልስላታል፦ አንዴ ብቻ ካየሽው ዕድለኛ ነሽ፣ እኔ በየሌሊቱ ነው የማየው።

እዚያ ሣር ላይ ሆኜ ስለ ጽሑፌ ሳስብ አንድ ነገር አናደደኝ። ልብ ወለድ ለጸጸተኛ ይራራል። ባያርድን ገደለው፣ ተገላገለ። በሌላ መጽሐፉም ግማሽ ወንድሙን በር ላይ ተኩሶ የገደለውን ሄንሪን ከዓመታት በኋላ ከነቤቱ አቃጠለው። አንባቢ መጽሐፉን ይከድናል፣ ሒሳቡ ተዘግቷል። ፎክነር ራሱ ግን ከዲን በኋላ ወደ 27 ዓመት ኖረ። የዲንን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አሳደገ፣ የትምህርት ቤት ከፈለ። ይሄኛው ሰውዬ ነው የገባኝ። ወር በወር የሚከፍለው።

እኔም ወር በወር እልካለሁ።

በእኛ 2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወንድም ጋሼ መቶ ብር ሰጠኝ። ደሴ ፒያሳ ካለው ኢንተርኔት ቤት የሁለታችንንም ዲቪ እንድሞላ ነው። ዲቪ ያኔ በነጻ ነበር፤ የሚያስከፍለው ሞዪው ነበር፣ ፎቶ አስተካክሎ ለአንድ ሰው 50 ብር። የእኔን አስሞላሁ። የእሱ ፎቶ በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰልፉ ረዝሟል፣ መብራት ሊጠፋ ይላል፣ አርሴናል ደግሞ ሊጀምር ነው። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። መግቢያ 10 ብር። የቀረው ሁለት ቢራና ሲጋራ ሆነ። በነጋታው ብር አልነበረኝም። ከዚያ ረሳሁት። ረሳሁት ማለት እንኳ አልችልም፣ ቀኑ እስኪያልፍ ሳልሄድ ቀረሁ።

ያን ማታ ቤት ስገባ «ሞላህልኝ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ጨዋታውስ ስንት ለስንት?» አለኝ።

ግንቦት ላይ የእኔ ወጣ። በዓለም ላይ በዓመት ቢበዛ 55 ሺህ ቪዛ ነው፣ የእኔ ወጣ። «የኔስ?» ሲለኝ «ያንተ አልወጣም» አልኩት። «እኔ እንኳን እንዲህም አሜሪካ አልመኝም» አለ ጆሮውን እያሻሸ። ወንድም ጋሼ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት ሲናገር ጆሮውን ያሻል።

ቢሞላለት ላይወጣለት ይችል ነበር። አዎ፣ አውቃለሁ። ይሄን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ግን በ2014 ጥቅምት ደሴ ስትያዝ፣ ኔትወርክ ተቆርጦ ወንድሜና እናቴ የት እንደገቡ ሳላውቅ ሜምፊስ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ካርቶን ስደረድር፣ የሒሳቡ ነገር ምንም አልረዳኝም። በኋላ ደብረ ብርሃን ተገኙ። እናቴን ግማሹን መንገድ አዝሎ ነበር ያመጣት።

ወደ ኳሱ ልመለስ። ኳሱ እንኳ ሰበብ ነው፤ ዋናው ግሮቭ ነው። ግሮቭ ግቢው መሐል ያለ ባለ 10 ኤከር፣ የኦክ ዛፍ የሞላበት ሜዳ ነው። ከመቃብር ስመለስ ሣሩ አይታይም። ከዳር እስከ ዳር ድንኳን፣ ቀይና ሰማያዊ። ተዝካርና ሠርግ አንድ ቀን የዋሉ ይመስላል። ውስጡ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ መቅረዝ፣ አበባ። አንዱ ድንኳን ጣሪያ ላይ ቻንደሊየር ተሰቅሏል። እውነተኛ ቻንደሊየር፣ የመስታወት ጠብታው በነፋስ የሚንጫጫ። ሴቶቹ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው ሣሩ ላይ ይሰምጣሉ። ወንዶቹ ቢራቢሮ ክራቫት አስረዋል። እኔ በስኒከርና በጂንስ ሳይጠራ ሠርግ የገባ ጎረምሳ መሰልኩ። የጓደኛዬ አክስት ሳህኔን ልትሞላልኝ ስትል «የምን ሥጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። የአሳማ ነበር። ወደ ተጠበሰው ዶሮ አፈገፈግኩ።

ጨዋታው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ተጫዋቾቹ በድንኳኖቹ መሐል በሰልፍ ያልፋሉ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እጃቸውን ይመታል። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጥቁር ናቸው፤ ድንኳኑ ስር ያለው ሰው ብዙው ነጭ ነው። ከዚያ ትንሽ እልፍ ሲሉ የጄምስ ሜሬዲዝ ሐውልት አለ። በፈረንጆቹ 1962 መስከረም መጨረሻ፣ ፎክነር በሞተ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ይሄው ጥቁር ተማሪ እዚህ እንዳይመዘገብ በተነሳ ረብሻ ሁለት ሰው ተገድሏል። ሐውልቱ የቆመው በ2006 ነው። እየሄደ ነው የተቀረጸው፣ ወደፊት። አጠገቡ ያለው የቆሻሻ ገንዳ በቀይ ፕላስቲክ ኩባያ ተሞልቶ ፈሷል።

ትኬት አልነበረኝም። ስታዲየሙ 64 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ግን ግሮቭ ውስጥ ቀርቶ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰውም ብዙ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዲሽ ተክለዋል፣ ስክሪን አቁመዋል። ሰው ተጠጋግቶ ቆሟል፣ ቢራ በእጁ። ዲኤስቲቪ ቤት ነው እኮ! የጎደለው ሳምቡሳ ብቻ ነው። ጨዋታው ሲቆጠር 60 ደቂቃ ነው፣ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የተረፈው ስብሰባ ነው። አራት ሙከራ አለህ፣ አሥር ያርድ መግፋት አለብህ። ካልቻልክ ለሌላው ትሰጣለህ።

ሁለተኛው ኳርተር ላይ ደወልኩለት። በእነሱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው፣ ባጃጁን አቁሞ የሚገባበት ጊዜ። ቪዲዮው ጨለማ ነው።

«መብራት የለም» አለኝ። «ምንድን ነው ጫጫታው? ሠርግ ሄደህ ነው አቡሽ?»

ቻንደሊየሩን አሳየሁት። ሳቀ፣ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ከድንኳኑ ወጣ አልኩና ዛፍ ተደግፌ ነገርኩት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። የ50 ብሩን፣ የአርሴናሉን፣ ያንተ አልወጣም ያልኩትን።

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«አውቃለሁ እኮ» አለ። «ያኔውኑ ነው ያወቅኩት። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ደንበኛዬ ነው። በሳምንቱ ሄጄ ራሴ አስሞላሁ። አልወጣልኝም፣ በቃ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሊሆን ይችላል። ሄዶ አስሞልቶ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አየሁ። ጥቁር ነው። እጁ የት እንዳለ አይታይም።

ከኋላዬ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«ገባ እንዴ?» አለኝ ወንድም ጋሼ። «ስንት ለስንት ሆነ?»