ሆድ አለመክፈትም ሙያ ነው

የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ከጠቅላላ ቀዶ ሐኪም የሚለየው ቀጭን የደም ሥር በመስፋት ብቻ አይደለም። አደጋ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሆድ ባለመክፈቱ ነው። ጣፊያው የተጎዳ ልጅ ለአዋቂዎች በተቋቋመ ሆስፒታል ሲታከም፣ ጉዳቱ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ጣፊያው የመውጣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አዋቂ የለመደ ዓይን አልትራሳውንድ ላይ ደም ሲያይ ወደ ምላጭ ይቸኩላል። በልጅ ግን መድማቱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ የደም ዝውውራቸው ከተረጋጋ 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ጣፊያው የወጣለት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ለኒሞኮከስ (ሳንባንና ደምን ክፉኛ ለሚመርዝ ባክቴሪያ) የተጋለጠ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ወባም ይበረታበታል።

ፈረስ ረግጦት ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የመጣ የ6 ዓመት፣ 20 ኪሎ ልጅ እናስብ። ያለው ደም 1.6 ሊትር ያህል ነው። ግማሽ ሊትር ገደማ እስኪፈስ ድረስ የደም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል፤ ሲወርድ (የላይኛው ቁጥር ለዕድሜው ከ82 በታች) ጊዜው መሽቷል። ስለዚህ የልብ ምቱን፣ የእግሩን ቅዝቃዜ፣ ሽንቱን ተከታተሉ። ሽንቱ በሰዓት ቢያንስ 20 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሂሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) አያጽናናችሁ፤ ደም ገና ሲፈስ ቁጥሩ አይወርድም። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ የደጋ ልጅ ሂሞግሎቢኑ ከመነሻውም ከፍ ያለ ነው፣ «ደህና» የሚመስለው ቁጥር ለእሱ የወረደ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ በደም ሥር የሞቀ ፈሳሽ 400 ሚሊ ሊትር ስጡት። ካልተረጋጋ ፈሳሽ መደጋገሙን ትታችሁ 200 ሚሊ ሊትር ደም ስጡ። ብርድ ልብስ እንዳይረሳ፤ የቀዘቀዘ ልጅ ደሙ አይረጋም፣ የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት ይሠራል። ያልተረጋጋው ልጅ «ስፔሻሊስት ይየው» ተብሎ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ይላካል፣ የተረጋጋው ግን እዚሁ ይከፈታል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በ24 ሰዓት 800 ሚሊ ሊትር ደም ወስዶ ያልቆመለት፣ ወይም አንጀቱ ተበስቶ ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ ልጅ፣ ያለው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ይክፈተው። ለተረጋጋው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በስልክ ይማከርለት፤ ደም ተዘጋጅቶለት፣ አንድ ሐኪም በየጊዜው ሆዱን እየዳሰሰ ይጠበቅ።

ወደ ቤት ሲሄድ የሚያርፍበት ሳምንት የሚቆጠረው የጉዳቱ ደረጃ (ከ1 እስከ 5) ላይ 2 በመደመር ነው፤ ደረጃ 3 ከሆነ 5 ሳምንት ፈረስ፣ ዛፍ፣ ኳስና ከብት ጥበቃ የለም። ከገረጣ፣ ካዞረው ወይም ግራ ትከሻውን ካመመው በዚያው ቀን ይመለስ።