ምስክርነቴን ስለጥፍ የሌላውን ሰው ምሥጢር አብሬ ለጠፍሁ

ከአልኮል ሱስ ለመላቀቅ ወደ አንድ ክርስቲያናዊ የድጋፍ ቡድን ከገባሁ በኋላ፣ መጠጥ ሳልቀምስ የቆየሁበት ጊዜ አንድ ዓመት በሞላበት ሳምንት፣ በፌስቡክ ገጼ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ለጠፍሁ። ፎቶግራፉ የተነሣው ሳምንታዊው ስብሰባችን እንዳበቃ ነበር፤ እኔ በመካከል ቆሜ እስቃለሁ፣ ሁለት ወንድሞች ፈቅደውልኝ ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ከሥሩም እግዚአብሔር ከመጠጥ ባርነት እንዴት እንዳወጣኝና ቡድኑ ምን ያህል እንደደገፈኝ በስፋት ጽፌያለሁ። ከኋላችን ወንበር ሲያነሣ ፊቱ በግማሽ የታየውን ሌላ ሰው ግን ልብ አላልሁትም። ስሙን አልጻፍሁም፣ ታሪኩንም አልነካሁም፤ ሆኖም ጽሑፉን አንብቦ ፎቶግራፉን ለተመለከተ ሰው፣ በዚያ ክፍል የተገኘ ሁሉ ለምን እንደተገኘ መገመት አያዳግተውም ነበር። ከዘመዶቹ አንዱ አይቶ ለባለቤቱ አሳያት። እርሷ የምታውቀው ባሏ በዚያ ምሽት ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንደሚሄድ ነበር።

ሦስት ሳምንት ከስብሰባ ሲቀር ምክንያቱን የነገረኝ የቡድናችን መሪ ነው። ወዲያው ፎቶግራፉን አጠፋሁና ረጅም የይቅርታ መልእክት በስልክ ጻፍሁለት፤ ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ በሚችልበት በዚያ ሰዓት የሸሸገውን ነገር ሁሉ በጽሑፍ አስፍሬ ላክሁለት። ወንድምህ ባንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ትእዛዝ «ሂድ» እንደሚል ያስታወስሁት መልስ ስጠብቅ ሰንብቼ ካጣሁ በኋላ ነው። ሄድሁ። አልተቆጣኝም፤ «ለባለቤቴ የምነግርበትን ቀን እኔ ልመርጥ ነበር፤ አንተ መረጥህልኝ» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የተማርሁት ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የመነጨ ነው ማለት እችላለሁ።

ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፣ ሁለት መልካም ልማዶች ሳላውቅ እጄ ላይ ተጋጭተው እንደነበር ተረዳሁ። በቤተ ክርስቲያን ያደግሁበት ልማድ፣ እግዚአብሔር ያደረገልህን በጉባኤ ፊት ቆመህ መስክር ይላል። ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ልማድ ደግሞ፣ እዚህ የሰማኸው እዚህ ይቅር፣ ያየኸውንም ሰው አላየሁም በል ይላል። ይህ ሁለተኛው ልማድ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጥቂት አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ፣ ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የጀመሩት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር፣ በ1950 ባጸደቃቸው 12 ልማዶች ውስጥ 11ኛው፣ አባላት በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም ማንነታቸውን እንዳይገልጹ ያዛል። ዓላማው ዐፍሮ በር ላይ የሚያመነታውን አዲስ ሰው መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ አባል የቡድኑ ፊት ሆኖ በአደባባይ ከታወቀ በኋላ ቢወድቅ፣ የሚታማው እርሱ ብቻ እንዳይደለም ያዩ ሰዎች ያወጡት ሕግ ነው። ያን ጊዜ በሬዲዮ መናገር የሚገጥመው ሰው ጥቂት ነበር፤ እኔ ግን ማንንም ሳላማክር፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ፣ ለማውቃቸውም ለማላውቃቸውም ሰዎች አወጅሁ።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ቢያንስ ምስክርነቱ ለአንተ ጠቅሞሃል ይል ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጎረፈው «ጌታ ይባረክ» እና «ወንድሜ፣ በርታ» በእርግጥ ደስ አሰኝቶኛል። ፎቶግራፉን ባጠፋም ጽሑፉን ብቻውን መልሼ ለጥፌው ነበርና፣ በአሥራ አራተኛው ወር አንድ ምሽት ጠጥቼ በነጋታው ስነሣ፣ ስልኬ ላይ የጠበቀኝ ስለ ብርታቴ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን የአንዲት የማላውቃት እኅት አስተያየት ነበር። «አሜን» ብዬ መለስሁላት። በቡድኑ ውስጥ ብቻ የታወቀ ሰው ብሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ወደቅሁ ብዬ እናገር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አሁን ግን መናዘዝ ማለት በአደባባይ የገነባሁትን ስም በገዛ እጄ ማፍረስ መስሎ ስለታየኝ አምስት ሳምንት ዝም አልሁ፣ በእነዚያ አምስት ሳምንታትም ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠጣሁ። እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ የሚለው የያዕቆብ መልእክት ቃል፣ የምትናዘዝለት ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሊጸልይልህ እንደሚችል ያስባል፤ በፌስቡክ ተከታይ የሚባለው ሰው ግን ኑዛዜ ሊቀበል አይችልም። ዛሬ በገጼ ላይ ከመጠጥ የራቅሁባቸውን ቀናት አልቆጥርም፤ የምቆጥረው በቡድኑ ውስጥ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲመለስም የሚሰማው ቡድኑ ነው።

የራሴን ገጽ ካስተካከልሁ በኋላ፣ መሪያችን የቡድኑን የዋትስአፕ መገናኛ እንዳስተዳድር ጠየቀኝ፤ ቅጣትም ይሁን ምሕረት እስካሁን አልገባኝም። ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። የመገናኛው ስም ራሱ «ከሱስ ነጻ» የሚል ስለነበር፣ መልእክት በመጣ ቁጥር በተቆለፈ ስልክ ላይ እንኳን ለጎረቤትም ለአለቃም ይነበብ ነበር፤ «የማክሰኞ ምሽት» ወደሚል ተራ ስም ለወጥነው። በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ አባል የሌላውን ስልክ ቁጥር ሊያይ ስለሚችል፣ አዲስ ሰው ከመግባቱ በፊት ይህንኑ ነግረነው እንዲመርጥ ማድረግ ጀመርን፤ መግባት ያልፈለገውን በስልክ ደውለን እናሳውቀዋለን። የሚላከው ፎቶግራፍ በቀጥታ ልጆች በሚነካኩት የስልክ ማኅደር ውስጥ እንዳይቀመጥ የሚያደርገውን ማስተካከያ ለእያንዳንዱ አባል በእጁ አሳየሁ። መልእክቶች ከ24 ሰዓት፣ ከ7 ቀን ወይም ከ90 ቀን በኋላ እንዲጠፉ ማድረግም ይቻላል፤ 7 ቀኑን መረጥን። ይሁንና በዚህ ብዙ እንዳይታመኑ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም መልእክቱ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው የተመሰጠረ ቢሆንም፣ የደረሰው ሰው ስክሪንሾት ከማንሣት የሚያግደው የገዛ ኅሊናው ብቻ ነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ የከበደኝ የንግግሩ ጠባይ ነበር። ስብሰባችን እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ በሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን ከተጀመረው፣ ሰለብሬት ሪከቨሪ ከተባለው ክርስቲያናዊ የማገገሚያ ፕሮግራም የተወሰደ ሥርዓት ይከተላል፦ ተናጋሪው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጠውም፣ አንዱ ሌላውን ለማስተካከል አይሞክርም። በስልክ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጥ ነበር። አንዲት እኅት ማክሰኞ በክፍሉ ውስጥ ስለ ትዳሯ ብትናገር በጸጥታ ትደመጣለች፤ ያንኑ ረቡዕ በስልክ ብትጽፈው ግን አሥራ ሁለት ምክር፣ ሦስት የተላለፈ የስብከት ድምፅና አንድ ተግሣጽ ይደርሳት ነበር። ከዚህም የባሰው «ለወንድም እገሌ ጸልዩ፣ ተመልሶ መጠጣት ጀምሯል» የሚለው ዓይነት መልእክት ነው። የጸሎት ርእስ የሚል ልብስ የለበሰ ሐሜት ከማንኛውም ሐሜት ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ የሚቃወመው ሰው ጸሎትን የተቃወመ ይመስላልና። እኔ እንዲህ ያለውን መልእክት እንደ አስተዳዳሪ ከሁሉም ስልክ ላይ አጠፋለሁ፣ ከዚያም ለጻፈው ሰው ለብቻው ደውዬ ምክንያቱን እነግረዋለሁ። በዚህ የተቀየሙኝ አሉ።

በመጨረሻ መገናኛውን ለቀጠሮ፣ ለጥቅስና «ከእናንተ ማን ሊያነጋግረኝ ይችላል?» ለሚል አጭር ጥሪ ብቻ እንዲያገለግል ወሰንን። ዝርዝሩ በድምፅ ወይም በአካል ነው። ወደዚህ ውሳኔ የገፋን አንድ ሌሊት ነው። አንድ ወንድም መኖር እንደታከተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጻፈ፤ ስድስት ሰዎች አይተው በጸሎት የተጣጠፉ እጆችን ምልክት አስቀመጡለት፣ እኔም አንዱ ነበርሁ፣ ነገር ግን ሌላው ይደውላል ብለን አንዳችንም አልደወልንም። በሕይወት ነግቶለታል። አሁን መጀመሪያ ያየ ሰው መጀመሪያ ይደውላል፤ የሚጽፈው ከደወለ በኋላ ነው። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ሰው ሲኖርም ምሥጢር መጠበቃችን እዚያ ላይ እንደሚያበቃ፣ መሪውንም የድንገተኛ አደጋ እርዳታንም እንደምንጠራ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እንነግራለን።

ለራሴ ያደረግሁት ሌላው ነገር ቀላል ቢሆንም ጠቅሞኛል። በፌስቡክና በዩቲዩብ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ የአልኮል ማስታወቂያ እንዲቀነስልኝ መረጥሁ፤ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ቀንሷል። የመጠጥ ጓደኞቼንም ሳልጣላቸው ከዕይታዬ አራቅሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ከመኝታ ክፍሌ ውጭ ያድራል፤ የቡድኑ አባላት በዚያ ሰዓት ቢቸገሩ የሚደውሉበት የቤት ስልክ አለ።

በፎቶግራፌ ላይ ፊቱ የታየው ያ ወንድም ከስድስት ወር በኋላ ወደ ቡድኑ ተመለሰ፤ ባለቤቱም አንዳንዴ አብራው ትመጣለች። በቅርቡ ደግሞ አንዲት እኅት አራተኛ ዓመቷን ስትይዝ ታሪኳን በሙሉ ስሟ፣ የቡድኑንም ስም ጠቅሳ በገጿ ላይ መጻፍ እንደምትፈልግ አስታወቀች፣ እንደ እርሷ በኀፍረት የታሰሩ ሴቶች እንዲያነቡት። ታሪኩ የእርሷ ስለሆነ ልከለክላት መብት የለኝም ብዬ አምናለሁ፤ የቡድኑ ስም ግን የሁላችንም ነው፣ ከእርሷ ጋር ዘወትር የሚታዩ ሁለት አባላትም ስሙ ከወጣ ማን እንደሆኑ ይታወቃል። ስሙን ትታ እንድትጽፍ ለመንኋት። እርሷ ደግሞ፣ ስሙ ከሌለ አንብባ የምትነሣሣ ሴት ወዴት ትመጣለች ብላ ጠየቀችኝ፣ በቂ መልስም አላገኘሁላትም። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ሁለቱ አባላት ባሉበት፣ እንነጋገርበታለን።