ከጃን ሜዳ ሌሊት ወደ ሙሽሪት ቤት

በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ቅዳሜ ዋለ። ማግስቱ እሑድ ጥር 12 ስለነበር አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ሁሉ ቀብድ ተቀብሎ ቀኑን ይዟል። ከነዚህ አንዱ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለው ፎቶ አንሺ ነው። ከሠርጉ ሥራ ጎን ለጎን ለራሱ የሚያነሳው ነገር ነበረው፤ የጃን ሜዳን ሌሊት በጥቁርና ነጭ። የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ስለሆነ ቅዳሜ ሌሊትም ሜዳው ላይ ሰው ያድራል። የከተራው ግርግር ረገብ ያለባት ይህች ሁለተኛዋ ሌሊት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትመቻለች። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነሳና ቤቱ ገባ። ባትሪ ቻርጅ አደረገ፣ ካርድ ቀየረ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽሪት ቤት ደረሰ።

ያልቀየረው የካሜራውን ማስተካከያ ነው። ለሌሊቱ ሥራ ፋይሉን ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮና ጨምቆ የሚያስቀምጠው ምስል) ብቻ፣ ቀለሙን ጥቁርና ነጭ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/15 ሴኮንድ አድርጎት ነበር። ጨለማ ውስጥ በሚጸልይ ሰው ፊት ስክሪን ማብራት ነውር ነውና ፎቶው ከተነሳ በኋላ እንዳይታይም አጥፍቶታል። ሙሽሪት ቤት ሲገባ አይኤስኦውንና ሹተሩን ወዲያው አስተካከለ። ሁለቱ በቪውፋይንደሩ (ዓይን ተጠግቶ በሚያይበት መመልከቻ) ውስጥ ስለሚነበቡ እጅ ለምዷቸዋል። የቀለሙ ምርጫ ግን እዚያ አይታይም። ካሜራው ዲኤስኤልአር (ባለመስታወት) ስለሆነ በቪውፋይንደሩ የሚታየው በሌንሱ ገብቶ በመስታወቱ የተንጸባረቀው ብርሃን ራሱ ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ ከነቀለሙ ይታየዋል። መስታወት አልባ ካሜራ ቢይዝ ኖሮ ቪውፋይንደሩ ራሱ ትንሽ ስክሪን በመሆኑ ዓይኑን እንዳስጠጋ ነገሩ ይገለጥለት ነበር።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሠራ። ሙሽሪት ስትለብስ፣ እናቷ ነጠላዋን ሲያስተካክሉላት፣ ከዚያም የአያቷንና የአባቷን ጉልበት ስትስም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሊደርስ ሲል አንዷ ሚዜ «ወንድምዬ፣ እስቲ አንዷን አሳየን» አለችው። ስክሪኑን ሲከፍተው የቀሚሱ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ጠበቀው።

ፋይሉ ሮው ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ሮው ከሴንሰሩ የወጣውን መረጃ በሙሉ ይይዛል። የጥቁርና ነጩ ምርጫ የሚነካው ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቀለሙ ይመለሳል። ጄፔግ ላይ ግን ካሜራው ቀለሙን ጥሎ ነው የሚያስቀምጠው። በኋላ በሶፍትዌር የሚቀባ ቀለም ግምት ነው፤ የራሷን ጥለት በደንብ ለምታውቅ ሙሽራ ግምት ማስረከብ አይገባም። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ጄፔግ መምረጥም ብዙ አያዋጣም። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ ሮው 30 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 64 ጊጋባይት ካርድ ወደ 2,000 ፎቶ ይይዛል፤ ለአንድ ሌሊት ይተርፋል።

ያዳነው ቪዲዮው ነው። የቪዲዮ ባለሙያው በፎርኬ (4K) ይቀርጽ ስለነበር አንዱ ፍሬም 3840 በ2160፣ ማለትም ወደ 8 ሜጋፒክሰል ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላይ ሲታተም በኢንች 325 ነጥብ ገደማ ስለሚደርስ ለአልበም ገጽ ይበቃል። አስቸጋሪው ሹተሩ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም የሚቀረጽ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ሹተሩ 1/50 ስለሆነ የሚንቀሳቀስ እጅና ጭንቅላት ይደበዝዛል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት እንቅስቃሴው ለቅጽበት የሚቆምበት ፍሬም ነው፦ ግንባሯ ጉልበቱን ነክቶ ገና ሳይነሳ፣ ወይም ምርቃቱ አልቆ «አሜን» ሲባል። እንዲህ ተለቅመው ለአልበሙ የሚበቃ ባለቀለም ምስል ተገኘ። የሆነውን ለሙሽሮቹ በዚያው ሳምንት ነገራቸው፤ ከክፍያውም ቀነሰላቸው። አልበሙን እስኪያዩ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ስህተት ማታለል ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ የተለወጠው አሠራር ለሌላውም ይጠቅማል። የሠርጉ ማስተካከያ (ሮው፣ ሙሉ ቀለም፣ ምስሉ ከተነሳ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታይ) በአንድ የመምረጫ ቁልፍ ላይ ይቀመጣል። ካኖን ላይ ሲ1፣ ኒኮን ላይ ዩ1 ይባላል። ካኖን ላይ ቁልፉ የመጨረሻውን ለውጥ በራሱ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱ ካልጠፋ የሌሊቱ ለውጥ ሲ1 ላይ ተጽፎ ያድራል። እንደ ኒኮን ዲ850 ያሉት ደግሞ ዩ1 የላቸውም። ያላቸው የሜኑ ባንክ (የማስተካከያዎች ማስቀመጫ) ነው፤ ባንክ ደግሞ የነካኸውን ሁሉ ይዞ ስለሚቀጥል ከእያንዳንዱ ሠርግ በፊት በዓይን መታየት አለበት። ሁለቱ የካርድ ቦታዎች «አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው» ከሚለው ወጥተው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እንዲጽፉ ይደረጋሉ። የራስ ሥራ ካርድ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት በሌላ ቦርሳ ይቀመጣል፤ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥም ፎርማት አይደረግም። በመጨረሻ አንድ የሙከራ ፎቶ ቀይ ነገር ላይ ይነሳና ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መደረግ ያለበት ግን መኪና ውስጥ ነው። ቤት ከተገባ በኋላ ጊዜ የለም።

የቀኑ ድልድልም መታየት አለበት። ብዙ ሰው የራሱን ሥራ ለዐቢይ ጾም ይቀጥራል፤ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ 55 ቀን ነው፣ በቂ ይመስላል። በዚያ ዓመት ጾሙ ከመጋቢት 2 እስከ ሚያዝያ 26 ነበር። ነገር ግን የጥርና የየካቲት ሠርግ ኤዲት የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። አንድ ሠርግ ከነመልሱ እስከ 3,000 ፎቶ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አራት አምስት ሠርግ የያዘ ሰው የጾሙን ግማሽ መምረጥና ቀለም ማስተካከል ላይ ያሳልፋል። ለራስ ሥራ በእውነት ነጻ የሚሆነው ከደብረ ዘይት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ቀጠሮው እዚያ ላይ ቢያዝ ይሻላል። የራስን ሥራ ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም። በሻማ ብርሃን 1/15 ላይ እጅን ማጽናት የተለመደው እዚያ ነው፤ በጠባብና ጨለም ባለ ሳሎን ውስጥ ፍላሽ ሳያበሩ ለማንሳት የሚያስችለውም ይኸው ልምድ ነው።

እነዚያ ግራጫ ፎቶዎች ለአልበሙ ባይሆኑም ከሌሊቶቹ ሥራ ጎን ቢሰቀሉ የሚያምሩ ነበሩ። የአያትየው እጅ በሙሽሪት ፀጉር ላይ ያረፈበት በተለይ። እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት የተደረገን በዓል የመሰለውን ነገር ከዚህ ያወጣዋል። ስለዚህ ጃን ሜዳ የተነሳው ፎቶ ሙሽሪት ሳሎን ውስጥ ከተነሳው ጋር እኩል አይታይም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ተከፍሎ የታዘዘ ሥራ ባለቤት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያዘዘው ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ጠየቀ፤ ሙሽሪት ፈቀደች፣ አባቷ ግን «የኔ ይቅር» አሉ። የሳቸው ከሚሰቀሉት ተነሳ። አሁን የስቱዲዮው ውል ሦስት የተለያየ ፊርማ አለው፦ ለአልበም፣ ለስቱዲዮው ማስተዋወቂያ፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለመጽሐፍ። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይቻላል። ለሦስተኛው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ራሱ ይጠየቃል እንጂ ሙሽሪት ለአያቷ አትፈርምም።