ሀዋሳ ላይ የቀን ገቢ ግምት ስናስተካክል ያየሁት

ሲዳማ በ2012 ሰኔ ክልል ሲሆን እኔ ሀዋሳ አንድ ክፍለ ከተማ ገቢ ላይ ባለሙያ ነበርኩ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ገቢ ይፈለጋል፣ እኛ ደግሞ ዕቅድ የምናወጣው አምና በሰበሰብነው ላይ ፐርሰንት ጨምረን ነው በቃ፣ ከዛ ያቺ ቁጥር እንድትሞላ ነጋዴው ላይ እናከፋፍላለን።

ያኔ ደረጃ ሐ ማለት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ነው፣ የሚከፍለውም ከሐምሌ 1 እስከ 30። የሂሳብ መዝገብ ስለሌለው ሁሉ ነገር የቀን ገቢ ግምቱ ላይ፣ ማለትም እኛ ሱቁን አይተን «በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብለን በምንጽፈው ላይ ይንጠለጠላል። በ2009 ክረምት በዚሁ ግምት ምክንያት በስንት ከተማ ሱቅ እንደተዘጋ የሚረሳ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሐምሌ ላይ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ እናት ቅሬታ ይዘው መጡ። ግምቱን ሳነብላቸው አልተቆጡም፣ ከነጠላቸው ስር በርበሬ የነካው ደብተር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ እናንተ የመጣችሁት ሰኞ ነው። ማክሰኞ ብትመጡ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ገለጥኩት፣ የሰኞና የሐሙስ ገጽ ሞልቷል፣ ሌላው ቀን ሁለት ሦስት መስመር። የሀዋሳ ገበያ ቀን ሰኞና ሐሙስ እንደሆነ ልጅ እንኳን ያውቃል፣ እኛ ግን የሰኞውን ሽያጭ በ300 ቀን አባዝተነዋል። እዛው በስልኬ ደመርኩት፣ ከጻፍንባቸው ግማሹንም አይሞላም። ያን ቀን ማታ እውነት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አለቃዬን ለምኜ በአንድ ቀበሌ ብቻ እንሞክር አልኩ። አንድ ሱቅ ጋ ሦስቴ መሄድ፣ አንዴ በገበያ ቀን፣ አንዴ በአዘቦት፣ አንዴ በጾም። ሥጋ ቤትን አስቡት፣ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲወጣ ጾመኛ ደንበኛው ስንት ቀን ይመጣል? ከዛ ግምቱን ሐምሌ ሳይደርስ ሚያዝያ ላይ ቀበሌው በር ላይ ለጠፍነው። እኔ የጠበቅኩት «በዛብኝ» ብቻ ነበር፣ ግን «እገሌ ለምን የለም?» የሚልም መጣ፣ ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ) ያላወጡ ሱቆችን ያገኘናቸው በዚህ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ከገማች የበለጠ ያውቃል።

ብዙ ጊዜ የበላን ግን ስም ነው። ኤክሴል ላይ አንዱ ሰው በሃይሉ ተብሎ አለ፣ በኃይሉ ተብሎም አለ፣ ሁለት ቦታ ዕዳ ተይዞበታል። በቲን ቁጥር ብቻ ካልተፈለገ በስም መፈለግ የሰው ዕዳ ያጠፋል ወይ ያባዛል፣ ይሄን የሚጀምር ሰው ካለ ከዚህ ይጀምር።

በበጀት በኩል ግን አልሆነልንም። ነጋዴው ሲከፍል የሚጠይቀው የገበያውን የጎርፍ ቦይ ነው፣ ብሩ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፣ ግዥው ሲንከባለል ሲንከባለል ሰኔ ላይ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በሩጫ ይፈረማል፣ ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው፣ ቦይ አይቆፈርም። አሁን የምንገፋው የግዥ ሰነዱ ከበጀቱ ጋር አብሮ ተዘጋጅቶ ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲያልቅ ነው። ያቺ ቅመም ሻጭ እናት ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ስለ ግብሩ አያነሱም፣ «ቦዩስ ልጄ?» ነው የሚሉኝ።