አሠልጣኛችን ለቅሶ የሄዱ ሳምንት

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ፣ አዳዲስ ሠራተኞች ወደ ምርት መስመር ከመግባታቸው በፊት የሚሠለጥኑበት ክፍል ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነበር። ሥልጠናው የሚጀመረው በጨርቅ ሳይሆን በወረቀት ነው። መኪናው ላይ ክር አይገባም። ሠልጣኟ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ከመርፌው ሥር አስገብታ መስመሩን እየተከተለች ትበሳለች፤ መጀመሪያ ቀጥ ያለውን፣ ቀጥሎ ጠመዝማዛውን፣ በመጨረሻ ማዕዘን ያለውን። ሲያዩት ቀላል ነው። የፋብሪካ መኪና ግን በየሰፈሩ በረንዳ ላይ እንደምናውቀው ሲንጀር በእግር ጉልበት የሚሄድ አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይሰፋል። ጀማሪዋ ፔዳሉን ስትረግጠው መኪናው ይጮኻል፣ ወረቀቱ ከእጇ ይመነጨቃል፣ እሷም ደንግጣ እግሯን ታነሣለች። ፔዳሉ ምን ያህል ቢረገጥ መኪናው ቀስ ብሎ እንደሚሄድ በቃል አስረድቶ የጨረሰ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አሠልጣኛችን ዕድሜያቸውን በስፌት ያሳለፉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሠልጣኞቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ከልጅቷ ጀርባ ቆመው ስፌቱ ከመጣመሙ በፊት ሊጣመም መሆኑን ያያሉ። «ቀስ… ቀስ በይ… አሁን ቁሚ! አዙሪ፣ የኔ ልጅ!» ይላሉ። የሸሚዝ ኮሌታ ሲሰፋ ፈተናው ጫፉ ላይ ነው። ማዕዘኑ ጋ ሲደረስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ መቆም፣ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት ማንሣት፣ ጨርቁን ማዞር፣ ብረቱን መልሶ መቀጠል ያስፈልጋል። መርፌው አንዲት ስፌት አልፎ ከሄደ ኮሌታው ሲገለበጥ ጫፉ ዱልዱም ይሆናል፤ እኔም እመልሰዋለሁ።

በዚያን ዙር ከሁሉም የበለጠችው በር አጠገብ፣ እትዬ አዘውትረው ከሚቆሙበት ቦታ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ነበረች። የሰፋችው ኮሌታ ለናሙና ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል። የምርት ኃላፊው በየቀኑ ማን ስንት እንደሰፋ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ስለነበር ስሟ ከላይ አይወርድም። ከታች የማይነሣው ደግሞ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ስም ነው። እዚያ ጥግ የአየር ማስወጫው ጩኸት ድምፅ አያሰማም፤ እትዬም እግራቸውን ስለሚያማቸው ብዙ አይደርሱም። ልጅቷ ትሰፋለች፣ ኮሌታውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣዋለች፣ «ኤጭ!» ትላለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሰፋለች። በዚህ ዓይነት ስንት ሊወጣት ይችላል?

በመካከሉ እትዬ ወንድማቸው አርፎ አገር ቤት ለቅሶ ሄዱ። ተተኪ አልነበረም። ኃላፊው ልምምዱ እንዲቀጥል፣ እኔም ዓይኔን ጣል እንዳደርግ አዘዘ። ስፌት መገምገም እንጂ ማስተማር ሥራዬ ስላልሆነ ማታ ማታ ኮሌታዎቹን መሰብሰብ ብቻ ሆነ የእኔ ድርሻ።

በመጀመሪያው ቀን ማታ የበሩን አጠገብ ልጅ ሥራ ስገለብጥ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የስፌቱ ርቀት እኩል ነው፣ ማዕዘኑ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ አልፏል። በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። እጇ አልተበላሸም፤ ፍጥነቷም ያው ነው። ማዕዘኑ ሲቃረብ ግን ጭንቅላቷ በጥቂቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። «አሁን!» የሚላት ድምፅ ትጠብቃለች። ድምፁ የለም፤ መርፌው ያልፋል። ለካስ መዞሪያውን የተማረው ጆሮዋ ኖሯል።

የመስኮቷ ልጅ ሥራ አሁንም ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ጫፉ ግን እሾህ ነው። ዓይኗ መርፌው ላይ አይደለም፤ የጨርቁን ጠርዝ ነው የምታየው። የት መቆም እንዳለባት በምን እንደምታውቅ ስጠይቃት «እንጃ፣ ሲደርስ እጄ ይቆማል» አለችኝ። ኃላፊው ሲዘዋወር ያንኑ ጠየቃት፤ አቀርቅራ ዝም አለች። «ይቺ ሥራው አልገባትም» ብሎ ጽፎ ሄደ።

እዚህ ላይ ከኃላፊው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ምክንያቱም እጅ የሚያውቀውንና አፍ የሚናገረውን አእምሮ የሚያስቀምጠው በአንድ ቦታ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሚጥል በሽታ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሄንሪ ሞላይሰን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብን ጠርዝ በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። በየቀኑ ሲመጣ ከዚህ በፊት መሞከሩን አያስታውስም፤ የእጁ ስሕተት ግን ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ። የኛዋ ልጅ ጤነኛ ናት፤ ማስረዳት አለመቻሏን ካለማወቅ መቁጠር ግን አይገባም ነበር።

በበሩ አጠገብ ልጅ ላይ የደረሰው ደግሞ በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ የሚሰጥ እርማት የልምምዱን ሰዓት ሥራ እንደሚያሳምር፣ እርማቱ ሲቋረጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት እርማት ያገኙት በልጠው እንደሚገኙ ጽፈዋል። ተማሪው የራሱን ሥራ መመርመር ትቶ መምህሩን ይደገፋል። ይህ ማለት ግን ጀማሪን ወርውሮ መሄድ ማለት አይደለም። የመስኮቷም ልጅ ብትሆን ወረቀቱን የተማረችው ከእትዬ ነው።

የበሩ አጠገብ ልጅ ሁለት ቀን ያህል በንዴት እየፈታች ሰፋች። አንድ ጊዜ ጨርቁን ወርውራ ወጣች። ከዚያ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አምጥታ ማዕዘኑ ላይ ነጥብ ማድረግ ጀመረች፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ነጥቡንም ተወችው።

እትዬ ሲመለሱ፣ ነፍስ ይማር ከተባባልን በኋላ፣ ከመሄዳቸው በፊት የተሰፋውን ናሙናና እሳቸው በሌሉበት የመጀመሪያ ቀን የተሰፋውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። የሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ። ከዚያ ወደ ናሙናው እየጠቆሙ «ይሄን እኮ እኔ ነኝ የሰፋሁት» አሉ።

አሁን ከጀርባ አይጮኹም። ልጅቷ አንድ እሥር ኮሌታ ትጨርሳለች፤ እትዬ መጥተው «የተበላሸው የቱ ነው?» ይሏታል። መጀመሪያ እሷ ታወጣለች፤ የሳተችውን እሳቸው ይጨምሩላታል። ጣት ወደ መርፌው ሲጠጋ ብቻ እንደ ድሮው ክፍሉን በጩኸት ያናውጡታል፤ እሱን የሚከራከር የለም።

ከኃላፊው ጋር ያልተስማማነው በግድግዳው ቁጥር ነው። ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የጽሕፈት መኪና ከሚማሩ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ሠራተኞች መካከል በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመዱት በቀን አራት ሰዓት ከተለማመዱት ይልቅ ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ተምረዋል። በሥልጠናቸው ከሁሉም ያነሰ የተደሰቱት ግን እነዚሁ የአንድ ሰዓቶቹ ነበሩ፤ ጊዜው በቀን ሲቆጠር ይረዝማልና። የዕለት ቁጥር ተማሪውንም አለቃውንም የሚያሳስተው እንዲህ ነው። ኃላፊው ይህን ሰምቶ «የእኔ ጭነት ጽሕፈት አይደለም» አለኝ። ቀን የተቆረጠለት ትእዛዝ ላለበት ሰው መልሱ አይገርምም።

በአንድ ነገር ግን ተስማማ። የማለፊያ ፈተናው ድሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እጅ በሞቀበት ሰዓት ነበር የሚሰጠው። አሁን ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ ያለ ልምምድና ያለ እትዬ ሆኗል። ግማሽ ቀን ባከነ ብሎ በየሰኞው ያጉረመርማል፤ የመስኮቷን ልጅ ግን ከሁሉም ቀድሞ ወደ ኮሌታው መስመር የወሰዳት እሱ ራሱ ነው።